አቤት ባዮቹ

ፈርዖን ራምሴስ ሣልሳዊ በነገሠ በ29ኛው ዓመት፣ «ፔረት» በሚባለው ወቅት፣ በሁለተኛው ወር በ10ኛው ቀን፣ የነገሥታት መቃብር የሚፈለፍሉ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ቁልቁል ወረዱ። አምስቱን የጥበቃ ቅጥሮች አልፈው ከጥትሞስ ሣልሳዊ ቤተ መቅደስ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አለቆቻቸውና ጸሐፊዎቻቸው ተከትለዋቸው መጡ፤ ተመለሱ ብለው ለመኑ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። የቀለቡ ወር ከገባ 18 ቀን ሆኖታል፤ እህሉ ግን የለም።

በማግሥቱ ራሜሴየም ወደሚባለው የራምሴስ ዳግማዊ ቤተ መቅደስ ሄደው በሩ ላይ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ወደ ውስጥ ዘለቁና እዚያው አደሩ። ቃላቸውን ለሚቀበሏቸው ሹማምንት ያመጣቸው ረኃብና ጥም መሆኑን፣ ከልብስም ከቅባትም ከዓሣም ከአትክልትም አንድ ነገር እንዳልደረሳቸው ተናገሩ። ነገሩ ለንጉሡና ለጠቅላይ ሹሙ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። በዚያው ቀን ያለፈው ወር ቀለብ ተሰፈረላቸው። የያዝነው ወርስ? አሉና መቀመጣቸውን ቀጠሉ።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ዓመት ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ቀን በቀን የመዘገበው አሜንናክት የሚባል የመንደሩ ጸሐፊ ሲሆን፣ ፓፒረሱ ዛሬ ጣልያን ውስጥ በቱሪን ሙዚየም ይገኛል። በጽሑፍ ከተመዘገቡት የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ እስካሁን የታወቀው ቀዳሚው ይኸው ነው።

ጥንታዊ ግብፅ ሲባል ለእኛ ቀድሞ የሚመጣልን ፈርዖን ነው፤ ልቡ የደነደነው የኦሪት ዘጸአቱ ፈርዖን። ከዚያ ፒራሚዱ፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለው ሬሳ። ከፈርዖን በታች የነበረው ሕዝብ ድንጋይ ከመጎተት በቀር ሌላ ሥራ፣ ከ«እሺ» በቀር ሌላ ቃል የነበረው አይመስለንም። ከዚህች መንደር የወጣውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን በየመስመሩ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው፤ «አቤት!» የሚል። ለንጉሥ አቤት፣ ለዳኛ አቤት፣ ለልጅ አቤት፣ ለአማልክት አቤት፣ ለሞተች ሚስት ሳይቀር አቤት። በእኛ ቋንቋ «አቤት» ሁለት ሥራ አለው። ሲጠሩን የምንመልሰውም፣ ስንበደል የምንጮኸውም እሱ ነው። መንደሪቱ ሁለቱንም ታውቃለች።

ዛሬ ዴር ኤል መዲና ትባላለች፤ ከሉክሶር ማዶ በዓባይ ምዕራብ፣ ሣር የማይበቅልበት ሸለቆ ውስጥ ናት። ስሙ «የከተማው ገዳም» ማለት ሲሆን፣ ብዙ ዘመን ቆይተው እዚያ የነበረውን የሐቶርን ቤተ መቅደስ ቤተ ክርስቲያን ካደረጉት የቅብጥ መነኮሳት የቀረ ነው። የጥንቶቹ ነዋሪዎች ቦታውን «ሴት ማአት»፣ የእውነት ሥፍራ ይሉት ነበር። ማአት በእነርሱ ቋንቋ እውነትም ፍትሕም የዓለም ሥርዓትም ናት። (ከእኛ መዓት ጋር ድምፁ እንጂ ፍቺው አይገናኝም።) መንደሪቱ የተቆረቆረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ገደማ ነው። ለአራት መቶ ዓመታት ያህል የንጉሦች ሸለቆን መቃብሮች የፈለፈሉትና ያስጌጡት ሰዎች ከነቤተሰባቸው ኖሩባት። ነገሩ የአባት ሥራ ነበር፤ ልጅ የአባቱን መሮ ወይም ብሩሽ ይወርሳል።

በቅጥሯ ውስጥ 68 ያህል ቤቶች ነበሩ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ከመንገድ ሲገቡ ከጡብ የተሠራ ከፍ ያለ መደብ ያለባት ክፍል ትገኛለች፤ ግድግዳዋ ላይ ድንክዬው ቤስ ምላሱን አውጥቶ ይሣላል፤ የወላድና የሕፃን ጠባቂ ነው። ቀጥሎ ጣሪያዋን ምሰሶ የደገፈው ዋናዋ ክፍል አለች፤ ከዚያ ማደሪያ፣ ከበስተኋላ ጣሪያ የሌለው ማድ ቤት፣ ምድጃና የእህል መፍጫ። ደረጃው ወደ ጣሪያው ያወጣል። ሙቀቱን ለሚያውቅ ሰው፣ ማታ ማታ ቤተሰቡ የት ይቀመጥ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ውኃ የላትም። ከታች ከሜዳው በአህያ ተጭኖ ይመጣል፤ ለዚህ ሥራ የተመደቡ ውኃ አመላላሾች አሉ፤ ልብስ አጣቢዎችም እንዲሁ ቤት ቤት እየተከፋፈሉ ይመደባሉ። አንድ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች ጉድጓድ እንቆፍር ብለው ተነሡ። ከ50 ሜትር በላይ ወርደው ጠብ የሚል ጠፋ። ጉድጓዱ የጥራጊ መጣያ ሆነ። ፈረንሳዊው የቁፋሮ ባለሙያ በርናር ብሩየር እ.ኤ.አ. በ1949 እና 1950 ይህን ጉድጓድ ሲያጸዳ፣ ጽሑፍ ያለባቸው በሺህ የሚቆጠሩ የድንጋይ ስንጣሪዎችና የገል ስባሪዎች አወጣ። ፓፒረስ ውድ ነበር፤ የኖራ ድንጋይ ስንጣሪ ግን በነፃ ከእግር ሥር ይነሣል። የልብስ አጣቢው ዝርዝር፣ የአህያ ኪራይ፣ የብድር ደረሰኝ፣ የተማሪ ልምምድ፣ የፍቅር ግጥም፣ የክስ ማመልከቻ፣ የቀልድ ሥዕል ሁሉ እዚያ ላይ ነው። መቃብሮቹን ሲሠሩ ሰዎቹ የነገሥታቱን ስም ለዘላለም ብለው በግድግዳ ላይ ቀረጹ፤ የራሳቸውን ኑሮ ደግሞ ጽፈው ጣሉት። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ የተጣለው ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሠራተኞቹ እንደ መርከብ ቀዛፊ «የቀኝ ወገን» እና «የግራ ወገን» ተብለው ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ወገን አለቃ አለው። ስምንት ቀን ሠርተው ሁለት ቀን ያርፋሉ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ወደ ቤት አይመለሱም፤ በመንደሪቱና በሸለቆው መካከል ባለው ተራራ ጫፍ፣ በድንጋይ ካብ ጎጆዎች ያድራሉ። ስለዚህ መንደሪቱ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች፣ የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነበረች። ድንጋይ ጠራቢው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ለሳኙ ይከተለዋል፤ ሠዓሊው በቀይ ቀለም ይነድፋል፤ ከእሱ የሚበልጠው በጥቁር ያርማል። የመዳብ መሮ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ተመዝኖ ይሰጣል፣ ተመዝኖ ይመለሳል። በጨለማው ውስጥ የሚበራው የጨርቅ ክር እንኳ ሳይቆጠር አይወጣም።

የእነርሱ ሳምንት አሥር ቀን፣ ወራቸው ሦስት ሳምንት ነው። ዓመቱ ባለ 30 ቀን አሥራ ሁለት ወራትና በመጨረሻ የሚጨመሩ አምስት ቀናት አሉት። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጳጉሜን የዚያው አቆጣጠር ልጅ ናት፤ በእስክንድርያ በኩል በቅብጦች አልፋ ደርሳናለች። እነርሱ እነዚያን አምስት ቀናት የኦሲሪስ፣ የሆሩስ፣ የሴት፣ የኢሲስና የነፍቲስ ልደት ብለው በፍርሃት ያሳልፏቸው ነበር። ስድስተኛዋን የአራት ዓመት ቀን ስላልጨመሩ ግን ዓመታቸው እየተንሸራተተ ከወቅቱ ጋር ይለያይ ነበር።

ገንዘብ ገና ስለሌለ ደመወዙ እህል ነው። ተራ ሠራተኛ በወር ወደ 300 ሊትር የሚጠጋ አጃ (ፈረስ የሚበላውን ሳይሆን፣ የአገራችን ገበሬም ዛሬ ድረስ የሚዘራውን ባለ ገለባ ስንዴ) እና 115 ሊትር ያህል ገብስ ይሰፈርለታል። አጃው ለዳቦ፣ ገብሱ ለጠላ መሆኑ ነው። ዓሣ፣ አትክልት፣ ማገዶ፣ ሸክላና ውኃ ይጨመርለታል። ከቤት የተረፈው በገበያ ይለወጣል፤ ዋጋውም 91 ግራም ያህል በሚመዝን «ደበን» በሚባል የመዳብ ሚዛን ይሰላል። ያ እህል የበቀለው በክረምት ዓባይና ተከዜ ከደጋችን ጠርገው ባወረዱት ደለል ላይ ነበር።

ከድንጋዮቹ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል የብሪታንያ ሙዚየሙን የመቅሪያ መዝገብ እመርጣለሁ። በራምሴስ ዳግማዊ 40ኛ ዓመት የተጻፈ ሲሆን፣ የ40 ሰዎች ስም ከቀሩባቸው ቀኖችና ከምክንያታቸው ጋር ሰፍሮበታል። አንዱ ጊንጥ ነደፈው። አንዱ ዓይኑን ታመመ። አንዱ ለበዓል ጠላ ሲጠምቅ ነበር። አንዱ የወንድሙን ሬሳ ሲያስገንዝ ነበር። አንዱ ሚስቱ ወይም ልጁ የወር አበባ ላይ ናት። ጸሐፊው ለግል ሥራው ያሠራቸው ሰዎችም አሉ፤ ይህንንም ያለ ኀፍረት ይመዘግባል። ፓሄሪፔጀት የሚባለው ደግሞ ለታመሙ ጓደኞቹ መድኃኒት ሲቀምም ብዙ ቀን ቀርቷል፤ ለጸሐፊው ሚስትም ቀምሟል። በሦስት ሺህ ዓመት ውስጥ የተለወጠ ምክንያት ካለ ንገሩኝ።

ዓይን በዚያ መንደር ትልቅ ነገር ነበር። አቧራው፣ የኖራው ብናኝ፣ የመብራቱ ጭስ ሠዓሊውን ከእንጀራው ይነጥሉታል። ፓይ የሚባል ሠዓሊ ለልጁ የላከው ደብዳቤ አለ። ታምሜአለሁ፣ ፊትህን አታዙርብኝ፣ ለዓይኔ ማርና እውነተኛ ኩል ፈልገህ ቶሎ አምጣልኝ እያለ ይለማመጠዋል፤ አባትህ አይደለሁምን እስከማለት ይደርሳል። ነፈራቡ የሚባል ሌላ ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑ የጨለመው በአምላኩ በፕታህ ስም በሐሰት ስለማለ መሆኑን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ አቆመ። ኃጢአቱን ደብቆ መጸለይ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው አደረገ። ከመንደሪቱ በላይ ያለውን ሹል ተራራ በእባብ አምሳል ያመልኩት ነበር። የተራራው አምላክ ስሟ መረትሰገር ነው፤ «ዝምታን የምትወድ» ማለት ነው። በዚህ ሁሉ አቤቱታ መሐል ዝምታን የምትወድ አምላክ መምረጣቸው ሳያስቃቸው አልቀረም እላለሁ።

ጸሐፊው ቀንሄርኸፕሸፍ ደግሞ የሕልም ፍቺ መጽሐፍ ነበረው። ሰው በሕልሙ ትልቅ ድመት ቢያይ መልካም ነው፤ ብዙ መኸር ይገባለታል። ፊቱን በመስተዋት ቢያይ ክፉ ነው፤ ሌላ ሚስት ትመጣለች። ጥልቅ ጉድጓድ ቢያይ እስር ቤት ይገባል። ጽሕፈቱ ለማንበብ የሚያስቸግር፣ በሠራተኛው ጉልበት የግል ሥራውን የሚያሠራ ሰው ነበር። ከፈርዖን መርነፕታህ መቃብር አጠገብ በጥላው ሥር ይቀመጥበት የነበረው ቦታ እንኳ ስሙ ተጽፎበት ይታያል።

በዕድሜ እጅግ የምታንሰው ሚስቱ ናውናክት ግን ከእሱ የበለጠ ስም ተርፏታል። እሱ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ኻኤምኑን የሚባል ተራ ሠራተኛ አግብታ ስምንት ልጆች አሳደገች። በራምሴስ ኃምሳዊ 3ኛ ዓመት፣ አርጅታ፣ በመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆመች። ነፃ የፈርዖን ምድር ሴት መሆኗን አስቀድማ፣ ስምንቱንም አሳድጋ ጎጆ ያወጣች መሆኗን ተናገረች። አሁን ግን ስደክም እጄን የያዘ ይወርሳል፣ ያልያዘ ከእኔ ገንዘብ አይወርስም አለች። የጦሯትን በስም ጠራች፤ ያልጦሯትንም በስም ጠራች። ከሁሉ አብልጦ ለጦራት ልጇ የነሐስ ሳህን ለብቻው ጨመረችለት። የተነቀሉት ከአባታቸው ድርሻ ይወርሳሉ፤ ከእሷ ግን ምንም። ባል አልፈቀደም የሚል ነገር የለም፤ ገንዘቡ የራሷ ነውና። ኑዛዜው ተጽፎ ዛሬ ኦክስፎርድ ይገኛል።

ሸንጎው የመንደሩ ሽማግሌዎችና አለቆች የሚቀመጡበት ነው፤ ቀንበት ይባላል። እዚያ ያልተፈታው ነገር የመንደሪቱ ጠባቂ አድርገው ወደሚያዩት ወደ ሟቹ ንጉሥ ወደ አሜንሆቴፕ ቀዳማዊ ይሄዳል። ምስሉ በበዓል ቀን በትከሻ ይወጣል፤ ባለጉዳዩ ጥያቄውን ያቀርባል፤ ምስሉ ወደ ፊት ካለ አዎ፣ ወደ ኋላ ካለ አይደለም ነው። ተሸካሚዎቹ የዚያው መንደር ሠራተኞች ናቸው፤ ማን ጣሪያ ለጣሪያ እንደሚሻገር፣ የማን ፍየል የማንን ጎመን እንደ በላ ያውቃሉ። ብዙ ሰው ይህን ማታለያ ይለዋል። እኔ የጎረቤት ፍርድ በአምላክ ትከሻ ሲወጣ ነው የማየው፤ ፍርዱም መጥፎ ፍርድ አልነበረም።

ሸንጎው ሁሌ ይፈርድ እንደነበር ግን አይታሰብ። ሜና የሚባል ሠራተኛ አንድ ማሰሮ ትኩስ ስብ ለፖሊስ አዛዡ ለሞንቱሞሴ በዱቤ ሸጠ። በገብስ እከፍልሃለሁ አለው። ቀኑ አለፈ። ሜና ሦስት ጊዜ ከሰሰ፤ ሞንቱሞሴ አልከፈለም። ነገሩ ራምሴስ ሣልሳዊ ሞቶ ራምሴስ ራብዓዊ በነገሠ በ3ኛው ዓመት እንደገና ሸንጎ ቀረበ፤ ከሽያጩ 18 ዓመት በኋላ! ሞንቱሞሴ በተባለው ቀን ባልከፍል መቶ በትር ልገረፍ፣ እጥፍም ልክፈል ብሎ ማለ። ነገሩን የሚያወሳስበው ይህ ነው፤ ሠራተኞቹ አድማ በመቱበት ዓመት፣ ቤታችሁን ዘግታችሁ ሚስቶቻችሁንና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ፊት ፊት እመራችኋለሁ ያላቸው የፖሊስ አዛዥ ስሙም ሹመቱም ሞንቱሞሴ ነው። ለሕዝብ የሚቆም ሰው የግል ዕዳውን ሲከፍል ሁሌ ቸር አይደለም።

የአለቃ ወንጀልም አልጠፋም። ፓነብ የተባለው አለቃ ቦታውን ለጠቅላይ ሹሙ አሽከሮች በጉቦ ሰጥቶ አገኘ፣ ከሴቲ ዳግማዊ መቃብር ሰረቀ፣ ባለትዳር ሴቶችን አማገጠ፣ ያሳደገውን ሰው እገድልሃለሁ አለ የሚል ረጅም የክስ ጽሑፍ ለንደን ውስጥ አለ። ክሱን ያቀረበው ሰው ያንኑ ወንበር ለራሱ ይመኝ ስለነበር፣ ሁሉን አምኖ መቀበል አይቻልም።

ለንጉሥ የዘላለም ቤት ሲሠሩ የኖሩ እነዚህ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው የራሳቸውንም መቃብር ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ሳይዘረፍ የተገኘው የሰነጀም መቃብር ከቤታቸው ጥቂት እርምጃ ነው። በግድግዳው ላይ ሰነጀም ጥንድ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ሚስቱ ኢይነፈርቲ ከኋላ ዘር ትበትናለች። ሁለቱም የክት ነጭ በፍታ ለብሰዋል። ያ የኢያሩ እርሻ ነው፤ ልቡ ከማአት ላባ ጋር ተመዝኖ ያልከበደበት ሰው የሚገባበት። ሰውየው ሕይወቱን ያሳለፈው በመንግሥት ቀለብ፣ ድንጋይ እያስጌጠ ነው። ለወዲያኛው ዓለም የመረጠው ደግሞ ከሚስቱ ጋር የራሱን እርሻ ማረስ ነበር።

እርሻ ካለ ደግሞ ጥሪ አለ። በዚያኛው ዓለምም ለመስኖ ሥራ፣ ለአሸዋ ማጋዝ ውጡ የሚል ትእዛዝ ይመጣል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ከሟቹ ጋር «ሻብቲ» የሚባሉ ትናንሽ ምስሎች ይቀበራሉ፤ በኋለኛው ዘመን ስማቸው «መላሽ» የሚል ትርጉም ይዟል። ተረኛው ሲጠራ በጌታው ፋንታ «አቤት!» የሚል እሱ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ በድምሩ 365 ምስል የሚቀበርለት ሰው ነበር፤ ለየአሥር ቀኑም አንድ አለቃ፣ 36 አለቆች ይጨመሩለታል። ከሞት በኋላም ያለ አለቃ መሥራት አልታሰባቸውም።

አድማው በራምሴስ ሣልሳዊ ዘመን አልበረደም፤ ሠራተኞቹ በዚያው ዓመት ደጋግመው ወጡ። የንጉሡ የ30 ዓመት በዓል ይደገስ ነበርና ጠቅላይ ሹሙ ቶ ለበዓሉ የአማልክቱን ምስሎች ሊወስድ መጥቶ፣ ሠራተኞቹን ሳያያቸው ሄደ። ቀለባችሁን እኔ አልወሰድኩም፣ ጎተራው ባዶ ቢሆንም ያገኘሁትን ሰጥቻችኋለሁ የሚል መልእክት በሌላ ሰው አፍ ላከላቸው። ንጉሡም ከአድማው በኋላ ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የራጅ ምርመራ ጉሮሮው እስከ አጥንት ተቆርጦ መሞቱን አሳይቷል።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ እየደኸየች ሄደች፤ ከሊቢያ በኩል የሚመጡ ወራሪዎችም መንገዱን አስፈሩ። መንደርተኛው ቤቱን ለቆ ወደ መዲነት ሃቡ ገባ፤ መጠጊያ ያደረገውም ያው ቀለብ የነፈገው የራምሴስ ሣልሳዊ ቤተ መቅደስ ቅጥር ነው። ጸሐፊው አሜንናክት ሐርሺሬን ወለደ፤ ሐርሺሬ ኻኤምሄጀትን፣ ኻኤምሄጀት ጅሁቲሞሴን፣ ጅሁቲሞሴ ቡተሃሙንን ወለደ፤ ብዕሩም አብሮ ወረደ። ቡተሃሙን ሚስቱ ኢኽታይ ስትሞት ለሬሳ ሣጥኗ ደብዳቤ ጻፈ። ሣጥኑን ቃሌን አድርስልኝ ብሎ ይለምነዋል፤ በዘላለም ጌቶች ፊት ስለ እኔ ተናገሪልኝ ብሎ ለሚስቱ አቤት ይላል። ድንጋዩ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን የነገሥታቱ መቃብሮች ተዘርፈው ስለነበር ሬሳዎቹን እንደገና የመገነዝ ትእዛዝ ለእነዚሁ ሰዎች ተሰጠ። በራምሴስ ሣልሳዊ በፍታ ላይ በቀለም የተጻፈ ማስታወሻ ተገኝቷል፦ 13ኛ ዓመት፣ የ«ሸሙ» ወቅት ሁለተኛ ወር፣ 27ኛ ቀን፤ አዛዡ ሊቀ ካህናት ፒነጀም፤ ሥራውን ካስፈጸሙት አንዱ የእውነት ሥፍራ ጸሐፊ ቡተሃሙን። ከአድማው መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።